መብራት ሲጠፋ ዓሣው ለምን ይሞታል?

(ለግድግዳ ጋዜጣችን ከአንድ ሠልጣኝ)

«ዓሣን መብላት በብልሃት» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም፤ አጥንቱ ጉሮሮ ይወጋልና። ዓሣን ማኖርም እንዲሁ ብልሃት እንደሚጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። በዛሬው ጽሑፌ በቤት ወይም በክፍል ውስጥ በመስተዋት ሣጥን፣ ማለትም አኳሪየም በምንለው ውስጥ የሚኖሩ ዓሦች መብራት በጠፋ ጊዜ ለምን እንደሚሞቱና እንዴት ልናድናቸው እንደምንችል ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። በሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቃችን ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱም በጥልቁ ቦታ ከ80 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ሁሉ ውኃ ውስጥ አንድም የኤሌክትሪክ ሽቦ አልተዘረጋም። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዓመት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሲያስተምሩ መብራት የሚባል ነገር በዓለም ላይ አልነበረም፤ ሐይቁ ግን ነበረ። ዛሬም ከተማው ጨለማ ሲሆን ሐይቁ ውስጥ ያሉት ዓሦች ነገሩን አያውቁትም። ታዲያ ሐይቁ ያለ መብራት ሲኖር፣ በጠረጴዛ ላይ ያለችው የመስተዋት ሣጥን አንድ ሌሊት መብራት ቢጠፋባት ዓሦቿ ለምን ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ይገኛሉ?

መልሱ ባጭሩ ይህ ነው። ዓሣውን የሚገድለው የመብራት መጥፋት አይደለም። የሚገድለው የአየር ማነስ ነው። መብራቱ የሚሠራልን ሥራ አለ፤ ያንኑ ሥራ ሐይቁ በነፋስና በስፋቱ ይሠራዋል። እኛም ሥራው ምን እንደሆነ ካወቅን በእጃችንና በጣሳ ልንሠራው እንችላለን።

ለእኛ ለመምህራን ምን ያገባናል?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ገና የመጀመሪያ ደመወዛችንን ሳናይ ምን የዓሣ መስተዋት ይወራል፣ ይህ እኮ የትልልቅ ሆቴል ጌጥ ነው» ይሉ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ነገ ከነገ ወዲያ ከመካከላችን አንዱ ውጫሌ፣ አንዱ ከዚያም አልፎ አምባሰል ተራራ ሥር ወዳለ አንድ ትምህርት ቤት ይመደባል። እዚያ ስለ እንስሳት አተነፋፈስ ሲያስተምር ምን ያሳያል? የዓሣ ስንጥብ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይሥላል፣ ተማሪውም ይገለብጣል፣ በፈተናም ይጽፋል፣ ከዚያ ይረሳል። በሐይቅ ዳር ያደገው ልጅ እንኳ ዓሣን የሚያውቀው በመረብ ተይዞ ወይም በመጥበሻ ላይ ሆኖ ነው። ሲተነፍስ ያየው ስንቱ ነው?

አንዲት የመስተዋት ሣጥን ከብዙ ሥዕል ትበልጣለች። ነገር ግን አንድ አደጋ አላት። ዓርብ ማታ መብራት ጠፍቶ ሰኞ ጧት ተማሪዎቹ ክፍሉን ሲከፍቱ ዓሦቹ ተንሳፈው፣ ውኃው ሸትቶ ቢያገኙት የሚማሩት ሌላ ትምህርት ነው። ሕይወት ያለው ነገር ለጥቂት ቀን ታይቶ የሚደፋ ዕቃ መሆኑን ይማራሉ። ስለዚህ አንድ መምህር ሕይወት ያለውን ነገር ወደ ክፍል ከማምጣቱ በፊት መብራት በሌለበት ቀን ምን እንደሚያደርግ ማወቅ አለበት። እንደምናውቀው ደግሞ መብራት መጥፋቱ እንግዳ ነገር አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በግንቦት ወር የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውኃ በማነሱ በአገሪቱ ኤሌክትሪክ በፈረቃ ይታደል ነበር። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ጦርነቱ እኛ አካባቢ በደረሰ ጊዜም መብራት ለሳምንታት ጠፍቶ ነበር። ያን ጊዜ ሰው ስለ ነፍሱ እንጂ ስለ ዓሣ አላሰበም፣ ሊያስብም አይጠበቅበትም። ሆኖም ለአንድ ሰዓት የሚጠፋ መብራትና ለሳምንት የሚጠፋ መብራት አንድ እንዳልሆኑ ልብ እንበል።

ዓሣ እንዴት ይተነፍሳል?

ዓሣ እንደ እኛ ሳንባ የለውም። ውኃ በአፉ ያስገባና በጉንጩ በኩል ባሉት ስንጥቦች አሳልፎ ያስወጣዋል። ስንጥቦቹ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ፣ ስስና ደም የበዛባቸው ናቸው። ውኃው ሲያልፍ በውስጡ የሟሟውን ኦክስጅን ወደ ደም ያስገባሉ፣ የተቃጠለውን አየር፣ ማለት ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ ወደ ውኃው ያስወጣሉ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ውኃ ራሱ ከኦክስጅንና ከሃይድሮጅን የተሠራ ነው አላላችሁም እንዴ፣ ታዲያ እንዴት ያልቃል?» ቢል ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ተማሪዎችም መጠየቃቸው አይቀርም። ዓሣው የሚተነፍሰው ግን በውኃው ሞለኪውል ውስጥ የታሰረውን አይደለም። ስኳር በሻይ እንደሚሟሟ ከአየር መጥቶ በውኃው ውስጥ የሟሟውን ነው። ይህ ደግሞ እጅግ ጥቂት ነው። በባሕር ወለል ከፍታ፣ 20 ዲግሪ ሙቀት ባለው አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ሊሟሟ የሚችለው 9 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። አንድ ሊትር አየር የዚህን 30 እጥፍ ገደማ ይይዛል። እንግዲህ ዓሣ የሚኖረው በጣም በተመጠነ ቀለብ ነው ማለት ነው።

ለእኛ አገር ሰው ሁለት ተጨማሪ ነገሮች አሉ።

አንደኛው ከፍታ ነው። ወደ ላይ በወጣን መጠን አየሩ ይሳሳል፣ በውኃ ውስጥ የሚሟሟውም ያንሳል። ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው በሐይቅ አካባቢ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት የሚሟሟው 7 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ አገሮች ለሚኖር ሰው የተጻፈ መመሪያ ለእኛ ሲሆን ትንሽ መጥበቅ አለበት።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ውኃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ዓሣው ግን በሙቀት ጊዜ የበለጠ ይተነፍሳል። ገቢ ሲያንስ ወጪ ይጨምራል ማለት ነው። በደጋ ያለ ሰው በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። ብርዳችን ዓሣውን ባይመቸውም ውኃው አየር እንዲይዝ ይረዳል።

ብዙዎቹ ዓሦች ኦክስጅኑ በሊትር ከ2 ወይም 3 ሚሊግራም በታች ሲወርድ መጨነቅ ይጀምራሉ። ምልክቱ ግልጽ ነው። ወደ ውኃው ገጽ ይወጣሉ፣ አፋቸውን ቶሎ ቶሎ ይከፍታሉ፣ የስንጥባቸው ክዳን በፍጥነት ይመታል። ይህን ያየ ሰው «ራባቸው መሰለኝ» ብሎ ምግብ እንዳይሰጥ። ያኔ ምግብ መስጠት የሚታፈን ሰው እንጀራ እንደማጉረስ ነው።

ሐይቁ ያለ መብራት እንዴት ይኖራል?

አየር ወደ ውኃ የሚገባው በገጹ በኩል ነው። ሐይቁ ሰፊ ገጽ አለው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበል ይፈጠራል፣ የላይኛው ውኃ ይገላበጣል፣ አየር የጠገበው ወደ ታች፣ የራበው ወደ ላይ ይሆናል። በተጨማሪም በውኃው ውስጥ ያሉት አረንጓዴ ነገሮች፣ ከዓይን የረቀቀው አልጌም ሆነ በዳርቻው ያለው ተክል፣ በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ይሠራሉ።

ይሁን እንጂ ሐይቁም ቢሆን ዳር እስከ ዳር፣ ላይ እስከ ታች አየር አለው ማለት አይደለም። ነፋሱ የሚደርሰው የላይኛውን ክፍል ብቻ ስለሆነ እንዲህ ባለ ጥልቅ ሐይቅ ውስጥ ጥልቁ ውኃ ኦክስጅን ያጣል። ዓሦቹም በላይኛው ክፍል ይወሰናሉ። ማታ ደግሞ አልጌው ራሱ እንደ ዓሣው ኦክስጅን ተጠቃሚ ይሆናል። ስለዚህ በማንኛውም ውኃ ውስጥ አየር የሚያንስበት ሰዓት ጎሕ ሊቀድ ሲል ነው። ይህን ሰዓት እናስታውሰው፣ ኋላ ይጠቅመናል።

አሁን ወደ መስተዋቷ ሣጥን እንመለስ። ነፋስ የላትም። ገጿ ጠባብ ነው። ዓሣውም ከመጠኗ በላይ ነው። አየር የምትነፋው ትንሽ ሞተር የነፋስን ሥራ ትሠራለች። ብዙ ሰው አረፋው ራሱ ዓሣውን የሚያስተነፍስ ይመስለዋል። እውነቱ ግን አረፋው ወደ ላይ ሲወጣ ውኃውን ይዞ መውጣቱ፣ ገጹንም ማናወጡ ነው ዋናው ጥቅም። ይህን የተረዳ ሰው መፍትሔውን ግማሽ አገኘው። የሚያስፈልገው ሞተር ሳይሆን የተናወጠ ገጽ ነውና።

መብራት ሲጠፋ በተራ የሚሆነው

1. አየር ያንሳል። ይህ የመጀመሪያውና አስቸኳዩ ነው። ዓሣ በታጨቀበት ሣጥን ጭንቀቱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይታያል። በልኩ በተያዘ ሣጥን ግን ውሎ ሊያድር ይችላል።

2. ማጣሪያው ይታመማል። ዓሣ ከስንጥቡና ከዓይነ ምድሩ አሞኒያ የሚባል መርዝ ያወጣል። በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይህን መርዝ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወዳነሰው ናይትሬት ይለውጡታል። እነርሱም ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ውኃ መዘዋወሩን ሲያቆም በተዘጋ ማጣሪያ ውስጥ በሰዓታት ጊዜ ታፍነው መሞት ይጀምራሉ፣ ውኃውም ይበላሻል።

3. ሙቀት ይወርዳል። ይህ የመጨረሻው ነው። ውኃ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅምና የሣጥኑ ውኃ የሚቀዘቅዘው ቀስ እያለ ነው።

የአምፖሉ መጥፋት ግን ለዓሣው ምንም አይደለም። ጨለማ አይገድለውም። ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያሳስበው ይኸው የሚታየው ነገር ነው።

ከመጥፋቱ በፊት የሚደረግ ዝግጅት

ከሁሉ የሚበልጠው መጠን ነው። ቀድሞ መጥኖ መደቆስ የሚባለው ለዚህም ይሠራል። የቆየ የአሠራር ልክ እንዲህ ይላል። ሙቅ ውኃ ለሚወዱ ትንንሽ ዓሦች በእያንዳንዱ የ1 ሳንቲ ሜትር የዓሣ ርዝመት 30 ካሬ ሳንቲ ሜትር የውኃ ገጽ፣ እንደ ወርቃማ ዓሣ ላሉት ቀዝቃዛ ውኃ ለሚችሉት ደግሞ 75 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ልብ በሉ፣ የሚለካው ጥልቀቱ ሳይሆን ገጹ ነው።

በምሳሌ እናስላው። ርዝመቷ 60፣ ወርዷ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነች ሣጥን ገጿ 1,800 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። 1,800 ለ30 ሲካፈል 60፣ ለ75 ሲካፈል 24 ሳንቲ ሜትር ዓሣ ይሆናል። መብራት በሚመላለስበት አገር ይህን በግማሽ መቀነስ ይበጃል። ስለዚህ 3 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 10 ትንንሽ ዓሦች፣ ወይም ተመሳሳይ መጠን ያላቸው 4 ወርቃማ ዓሦች ይበቃሉ። ወርቃማ ዓሣ ሲያድግ ቁጥሩ ደግሞ መቀነስ አለበት። ይህችን ሒሳብ ለተማሪዎች መስጠት ራሷ የሒሳብ ትምህርት ናት።

ሌሎቹን ዝግጅቶች እነሆ፦

ሀ. የአየር ሞተሯን ከውኃው ገጽ ከፍ ባለ ቦታ ማስቀመጥ። ሞተሯ ከታች ከሆነች መብራት ሲጠፋ ውኃው በቱቦው ወደ ኋላ ተመልሶ ወለሉንም ሞተሯንም ያርሳል፤ ሶኬት አጠገብ ከሆነ ደግሞ ለሰው አደገኛ ነው።

ለ. በባልዲ ወይም በጀሪካን የተጠራቀመ ውኃ ማዘጋጀት። መብራት ሲጠፋ ብዙ ጊዜ ቧንቧውም ይቆማልና። የበረኪና ሽታ ያለው የቧንቧ ውኃ ሳይከደን በሳፋ አንድ ቀን ሊያድር ይገባል።

ሐ. የውኃ ውስጥ ተክል መትከል። ቀን ቀን ይረዳል። ሣጥኑንም ከመስኮት ብርሃን አጠገብ፣ ግን ቀጥታ ፀሐይ ከማይመታው ቦታ ማድረግ።

መ. በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ የአየር መንፊያ ከተገኘች መግዛት። ካልተገኘችም ግድ የለም፤ ከዚህ በታች ያለው ያለ እሷም ይሠራል።

በጠፋ ሰዓት ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ምግብ ማቆም። ጤናማ የሆነ ትልቅ ዓሣ ሳይበላ ለብዙ ቀናት፣ አንዳንዱም ለሳምንት መቆየት ይችላል። የበላ ዓሣ ግን የበለጠ ይተነፍሳል፣ የበለጠ ቆሻሻ ያወጣል። የተረፈው ምግብም ሲበሰብስ ኦክስጅን ይፈጃል።

ሁለተኛ፣ ክዳኑን መክፈትና ውኃውን ማናወጥ። በጣሳ ከሣጥኑ ራሱ ውኃ ቀድቶ፣ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ ቀስ ብሎ መልሶ ማፍሰስ። ይህን ለ5 ደቂቃ ያህል ደጋግሞ በየሰዓቱ፣ ዓሦቹ ከተጨነቁ ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ ማድረግ ነው። ዓሦቹን እስኪያስደነግጥ ድረስ መደብደብ አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ እጅ ሲደክም ጠብታ መጠቀም። ባዶ የሃይላንድ ዕቃ ታችኛውን በመርፌ ወግቶ፣ የሣጥኑን ውኃ ሞልቶ ከላይ መስቀል ነው። እየተንጠባጠበ ገጹን ያናውጣል። ሲያልቅ መልሶ መሙላት። ሁለት ሦስት ሃይላንድ ቢሆን የተሻለ ነው። የብስክሌት ጎማ መንፊያ ያለው ደግሞ ቀጭን ቱቦ አስሮ ከውኃው ሥር አየር ሊነፋ ይችላል።

አራተኛ፣ ማጣሪያውን መክፈት። የተዘጋ ማጣሪያ ከሆነ ስፖንጁን አውጥቶ በሣጥኑ ውኃ ውስጥ ማኖር፣ ገጹ አጠገብ ቢሆን ይመረጣል። እንዲህ ሲሆን ባክቴሪያዎቹ ከዓሦቹ ጋር አብረው ይተነፍሳሉ።

አምስተኛ፣ ብርድ ከሆነ ማልበስ። የሣጥኑን ጎን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ መጠቅለል፣ ላዩን ግን አለመሸፈን። ሙቅ ውኃ በቀጥታ መጨመር ዓሣውን ያስደነግጣል። ሙቅ ውኃ በሃይላንድ ሞልቶ፣ አፉን ገጥሞ ውስጡ ማንሳፈፍ ይቻላል። ክፍሉን ለማሞቅ ብሎ የከሰል ምድጃ በተዘጋ ቤት ማስገባት ግን ለዓሣውም ለሰውም ሞት ነው።

ስድስተኛ፣ ያቺን ሰዓት ማስታወስ። ሌሊቱን ሙሉ መቀመጥ ካልተቻለ ከመተኛት በፊት አንድ ጊዜ፣ ከዚያም ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ አንድ ጊዜ ማናወጥ ነው። ለጸሎት ወይም ለሶላት በማለዳ የሚነሣ ሰው ይህ አይከብደውም።

ሲመለስስ?

«መብራት መጣ!» ተብሎ ሲጮህ ወዲያው ሁሉን መሰካት ጥሩ አይደለም። ኃይሉ ሲመለስ ከፍ ዝቅ ሊል ስለሚችል ሞተሯን ነቅሎ ቆይቶ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መሰካት ነው። ለሰዓታት ቆሞ የነበረ የተዘጋ ማጣሪያ ውስጥ ያለው ውኃ የበሰበሰ ዕንቁላል ቢሸት ያ ውኃ ወደ ዓሦቹ እንዳይገባ ይደፋ። ስፖንጁ ከሣጥኑ በተቀዳ ውኃ ይለቅለቅ፤ በቧንቧ ውኃ ከታጠበ ክሎሪኑ የቀሩትን ባክቴሪያዎች ይፈጃቸዋል። ከዚያም የሣጥኑን ውኃ ሩቡን ያህል ቀድቶ ሙቀቱ በተመሳሰለ፣ ባደረ ውኃ መተካት። ምግብ ደግሞ ለጥቂት ቀናት በጥቂቱ ይሁን።

ከነጭራሹ መብራት በሌለበትስ?

እስካሁን የተናገርነው መብራት ኖሮ ሲጠፋ ነው። መብራት ፈጽሞ በሌለበት ትምህርት ቤት የሚመደብ መምህርስ? እርሱም ተስፋ አይቁረጥ። አኳሪየም የተጀመረው ከመብራት በፊት ነውና። እ.ኤ.አ. በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሰው በአንድ ዕቃ ውስጥ ወርቃማ ዓሦች፣ የውኃ ተክልና ቀንድ አውጣዎች አብሮ አኑሮ እርስ በርሳቸው ሊደጋገፉ እንደሚችሉ አሳየ። ተክሉ ለዓሣው ኦክስጅን ይሰጣል፣ የዓሣው ቆሻሻ ለተክሉ ማዳበሪያ ይሆናል፣ ቀንድ አውጣው የበሰበሰውን ቅጠል ይለቅማል። «አኳሪየም» የሚለውንም ስም ያስፋፋው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ በ1854 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። በዚያን ጊዜ በየቤቱ የኤሌክትሪክ ሶኬት አልነበረም።

ስለዚህ መንገዱ ይህ ነው፦ አፈ ሰፊ ዕቃ፣ ጥቂት ዓሣ፣ ብዙ ተክል፣ ጥቂት ምግብ። አፈ ሰፊ ሳፋ አፈ ጠባብ ከሆነ ትልቅ ማሰሮ ይሻላል።

ምን ዓይነት ዓሣ ይመረጥ? በሐይቃችን ያሉትን እንመልከት። አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ ከአየር በቀጥታ የሚተነፍስበት ተጨማሪ ብልት አለው። ብቅ ብሎ አየር ጎርሶ ይመለሳል። ስለዚህ በአየር ማነስ ቶሎ አይሞትም። ነገር ግን ሥጋ በል ስለሆነ ትንንሾቹን ይውጣቸዋል፣ በጣምም ያድጋል፣ ዘሎም ይወጣል፤ ግልገሉን ለብቻው፣ ቀዳዳ ባለው ክዳን ሥር ነው ማኖር። ቆሮሶም ታጋሽ ነው፣ አየር ሲያንስ ከገጹ ሥር ያለውን ቀጭን ውኃ ይተነፍሳል። ሆኖም ቆሮሶ ብርድ አይወድም። ውኃው ከ16 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን መብላት ያቆማል። ስለዚህ ለደጋ ትምህርት ቤት አይስማማም፤ ለደጋው ወርቃማ ዓሣ ይሻላል፣ ብርድ ይችላልና።

አንድ ማስጠንቀቂያ

መብራቱ ቢረዝምና ዓሦቹን ማኖር ቢያቅት አንዳንድ ሰው አዝኖ «ሐይቅ ውስጥ ልልቀቃቸው» ይላል። ይህ ርኅራኄ ቢመስልም ጉዳት አለው። ከውጭ የመጣ ዓሣ በሽታ ሊያመጣ፣ ሊራባና የነበሩትን ሊያፈናቅል ይችላል። የሐይቃችን የራሱ ታሪክ ጥንቃቄን ያስተምራል። ቆሮሶ ከጥንት የነበረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ለዓሣ ሀብት ተብሎ የገባ ነው። ለብዙ ሰው ምግብና ገቢ ሆኗል፣ ይህ ጥቅሙ ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ግን ጥርት ያለ የነበረው ውኃ አረንጓዴነት እየጨመረ መምጣቱን መዝግበዋል። ሐይቁ ደግሞ ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርደው ውኃ ይገባበታል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝ የለውም። የገባበት ነገር ሁሉ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ዓሣ ማኖር ያልቻለ ሰው ማኖር ለሚችል ሰው ይስጥ። የውኃ ተክሉንም እንዲሁ ወደ ሐይቅም ወደ ወንዝም አይጣል።

ለክፍል የሚሆን ሥራ

በመጨረሻ ይህን ሁሉ ወደ ትምህርት እንለውጠው። ተማሪዎችን በቡድን ከፍሎ የዓሣው የስንጥብ ክዳን በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ማስቆጠር ነው። ጧት አንድ ጊዜ፣ እኩለ ቀን አንድ ጊዜ፣ ሊሄዱ ሲሉ አንድ ጊዜ። የውኃውንም ሙቀት በቴርሞሜትር ያንብቡ። ውኃው ሲሞቅ ቁጥሩ ምን ሆነ? በጣሳ ከተናወጠ በኋላስ? ሁሉንም በሠንጠረዥ ይመዝግቡ። መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ተረኛ ይመደብ፣ ጣሳውን የሚይዝ፣ ሃይላንዱን የሚሞላ፣ የሚቆጥር። ያን ቀን መምህሩ ስለ አተነፋፈስ ብዙ መናገር አያስፈልገውም። ልጁ በገዛ እጁ አየር ሲያጠጣ፣ ዓሣውም ከገጹ ወርዶ በእርጋታ ሲዋኝ ያያል።

ሰኞ ጧት ደግሞ የክፍሉ በር ሲከፈት ዓሦቹ በሕይወት ይገኛሉ። ይህ እንዲሆን የሚያስፈልገው አንድ ጣሳና የሚያስታውስ ሰው ነው። ከሠልጣኞች መካከል በፔዳጎጂካል ማዕከላችን ውስጥ አንዲት ሣጥን አብሮ ለማቋቋም፣ ተረኛም ለመሆን የሚፈልግ ካለ ስሙን ከዚህ ጽሑፍ ሥር በእርሳስ ይጻፍ። ለዛሬው በዚሁ ይብቃን።